ደብዳቤውን ማን አቀበላቸው

መርካቶ ምስጢር አይቋጥርም ይባላል። ሐሰት ነው። መርካቶ ምስጢር ባይጠብቅ ኖሮ አንድ ሳምንት ሱቅ ከፍቶ አይውልም ነበር። የትኛው ጨርቅ የት አገር ተሠርቶ የት አገር ተሠራሁ እንደሚል፣ ማን ከስሮ ያልከሰረ መስሎ እንደተቀመጠ፣ የማን ወንድም ለምን ከአገር እንደወጣ እናውቃለን። አንናገርም። ምስጢር የሚያባክነው ማኅተም ያለው ሰው ነው። መቃረን ልማዴ እንደሆነ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህንንም ከልማዴ እንዳይቆጥሩት እለምናለሁ። የአሁኑን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ከበርበሬ በረንዳ ወረድ ብሎ ደብተርና ወረቀት እሸጣለሁ፤ በየሳምንቱም ለጋዜጣ ዓምድ እጽፋለሁ። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ደንበኛ እያስነጠሰ ነው ደብተር የሚመርጠው። ከግራዬ ያለው ሱቅ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ይሸጥበት ነበር። ባለቤቱ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ የክብሪት እንጨት ከአፉ የማይለይ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሻይ ጠጣን። እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ መንግሥትንም ተቃዋሚንም እሳደባለሁ፣ እሱ ክር ይጠቀልላል። እንዲህ ያለ አድማጭ ለጸሐፊ ከሚስት ይሻላል፤ አያቋርጥም።

በየወሩ አንዴ ሁለቴ «ዕቃ ላመጣ» ብሎ ሦስት አራት ቀን ይጠፋል። ሲመለስ ዕቃ የለም። ዚፕ ሊያመጣ ሄዶ ያለ ዚፕ የሚመለስ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። የተራው ሰው በሙሉ አይቶታል። አንዳንዱ ሌላ ሚስት አለችው ብሎ ገመተ፣ አንዳንዱ ነገሩን በትክክል ገመተ። አሥራ አንድ ዓመት ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም። ደንበኛ ሲመጣ «እሱ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፣ ስንት ሜትር ነበር የፈለግሽው?» እያልን ዚፑን የምንሸጥለት እኛው ነበርን። ምስጢር አይቋጥርም የሚባለው ሰፈር እንግዲህ ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት አባቱ ሞቱ።

እኔ የተራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከጉራጌ የመጣውም ከወሎ የመጣውም ያለበት እድር ነው። ዳኛችን የአንሶላና የብርድ ልብስ አከፋፋይ ነው፤ ሃያ ዓመት የምናውቀው፣ የእናቴን አስከሬን በትከሻው የተሸከመ ወዳጄ። ጡሩምባ ነፊያችን ደግሞ ሰባን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ሲነፉ አውቶቡስ ተራ ያለ መንገደኛ ቀና ይላል። መነጽራቸው አንድ ጆሮው ተሰብሮ በጥቁር ክር የታሰረ ነው፤ ክሩን የሰጣቸው ይኸው ጎረቤቴ ነው።

እድራችን አንድ ደንብ አለው፤ ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ። በሰልስቱ ቀን ጡሩምባ ነፊው የለስላሳ ሳጥን ላይ ይቆሙና ማን ማን እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ያልመጣውም ምን ዓይነት የማጽናኛ ቃል እንደላከ ለተሰበሰበው ሰው ያነባሉ። ለቅሶ ብድር ነው። ሐዘንተኛው ነገ የማንን ሐዘን መድረስ እንዳለበት በዚያ ያውቃል። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው የተሰጣቸውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሳይዘሉ ያነባሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ደንበኛዬ በተጠቀመበት ወረቀት ጀርባ ጽፌ ሰጥቻቸው የሟችን ዘመዶች ከጨረሱ በኋላ ገልብጠው የሲሚንቶ ዋጋ አንብበዋል። አልሳቅንም። ለቅሶ ላይ አይሳቅም፤ ሳቁን ለሳምንት አቆየነው።

ድንኳኑ የመንገዱን ግማሽ ስለሚዘጋ የወረዳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ እንደ ወትሮው ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ። ለካ የጎረቤቴ እውነተኛ መሥሪያ ቤትም በበኩሉ ጽፎ ኖሯል። ባልደረባችን ሐዘን ስለደረሰባቸው ወረዳው አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግ የሚል፣ ራስጌና ማኅተም ያለው፣ የሰውየውን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የሚሠራበትን ክፍልና የአገልግሎት ዘመን የዘረዘረ ደብዳቤ። አሥራ አንድ ዓመት ዚፕ ሻጭ አድርገው የደበቁትን ሰው ለአንድ ድንኳን ሲሉ በሙሉ ስሙ ጻፉት። ክፋት አልነበረበትም። አንድ ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት የሚወጣ ደብዳቤ አለ፤ ያ ደብዳቤ ወጣ። ጥንቃቄያቸው ከላይ በቀይ ቀለም «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም መምታት ብቻ ነበር።

የወረዳው ኃላፊ ለቦታው አዲስ ነበር፤ በሕዝብ መካከል መታየት የሚወድ፣ ሰማያዊ ካፖርት የሚለብስ ሰው። በሰልስቱ ረፋድ ላይ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መጣ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠ፣ ሐዘንተኛውን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። ኃላፊ ስለመጣ ስልኮች ወጡ። ሽማግሌው ሳጥናቸው ላይ ቆመው የእኔን ዝርዝር ጨርሰው ሊወርዱ ሲሉ ኃላፊው ተነሥቶ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና አቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ይቺንም ይጨምሩልን» አለ። «ሕዝቡ ምን ዓይነት ሰው አብሮት እንደኖረ ይወቅ።»

ይህን ሲል በሽማግሌው ቀኝ ቆሜ ነበር። ሲዘረጉት ቀዩን ማኅተም አየሁ። እጄን ብዘረጋ ወረቀቱ ላይ ይደርስ ነበር። አልዘረጋሁም፤ መስማት ስለፈለግሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት ያልጠየቅሁትን ነገር ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ሊነግረኝ ነው፤ እንዴት እከለክላለሁ? ስለዚህ ሌላው ሰው ላይ ከምጽፈው በፊት ይህን ስለ ራሴ ጻፍኩ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው በዚያ አውቶቡስ በሚያስቆም ድምፃቸው ጀመሩ። «ጥብቅ ምስጢር» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ስሙን እስከ አያት፣ ማዕረጉን፣ ክፍሉን። አላቆሙም፤ ወረቀት ተጀምሮ አይቆምም። «ከሰላምታ ጋር» አሉ፤ የፈራሚውን ስም አሉ፤ ከዚያም «ግልባጭ» ብለው ግልባጭ የተደረገላቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ አነበቡ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅስ ነበር። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ጎረቤቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ተነሣ፣ የተጣመመችውን አግዳሚ በእግሩ አቃናትና ወደ ቤት ገባ። ያደረገው ይህን ብቻ ነው።

ቀትር ሳይደርስ ክሊፑ ከእኛ ተራ አልፎ አገር አዳርሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሊዘጋ መጣ። ጢሙ አድጓል፣ ጥቁር ለብሷል። መጀመሪያ ማለት የነበረብኝ «እግዜር ያጥናህ» ነበር። ያልኩት ግን ሌላ ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት ስታዳምጠኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ስለ እኔ ጻፍክ?»

የክብሪቱን እንጨት ከአፉ አወጣ። «ስለ አንተ ምን ይጻፋል? አንተው በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ታወጣዋለህ። እኔ ምን ሠራሁ ብዬ ደመወዝ እበላለሁ?»

ሳቅሁ። እስከ ዛሬም ያንን ሳቄን ይቅር አላልኩትም። እውነቱን ይሁን አላውቅም። ከሻዩ፣ ከዝምታው፣ ከዚያ ሁሉ ከጠቀለለው ክር የትኛው የእሱ፣ የትኛው የመሥሪያ ቤቱ እንደነበር አላውቅም። ወዳጅ መስሎኝ የነበረ ሰው ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። በዚያች ጠዋት የተከዳሁ የመሰለኝ በእሱ ነበር። ክህደት ገና ወደ እኔ እየመጣ እንደሆነ አልገባኝም።

ቆሞ የነገረኝን በአጭሩ ልጻፈው። ሲከታተል የኖረው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ በዕቃ መካከል ጠመንጃ የሚያሳልፉ ሰዎችን ነው። እኔ ጋዜጣ ላይ ስለምጮህ ሰው ግድ አልነበረውም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ደንበኞቹ ነበሩ፤ ክርም ዚፕም ገዝተውታል፤ ስለ ልጆቹ ጤና ጠይቀውታል። እነሱም ስልክ አላቸው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ በዚያው ማለዳ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲ ይዘው ሄደዋል፤ ልጆቹ ጓደኞቻቸውን አልተሰናበቱም፤ የአያታቸው ለቅሶ ገና አላለቀም። ወዴት እንደሄዱ አልነገረኝም። እኔም እንደ መርካቶ ሰው አልጠየቅሁም።

የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ።

«ሽማግሌውን እንዳይነኩብኝ» አለ። «ያቀበሏቸውን ነው ያነበቡት። አንተ አጠገባቸው ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው አደራ።»

ከዚያ በኋላ የተጠያቂነት ወቅት ገባ። ተቃዋሚዎቹ መንግሥት የገዛ ራሱን ሰው አጋልጦ ሰጠ ብለው መግለጫ አወጡ፤ መግለጫቸው ላይ ክሊፑን ለጠፉት፤ ያልሰማ ካለ እንዲሰማ። መንግሥት ጥፋቱ በታችኛው እርከን ነው አለ። መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤው ለወረዳው ብቻ የተላከ እንደነበር አስታወቀ። በቴሌቪዥን አራት ሰዎች ተቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ተጠያቂነት ተከራከሩ፤ አንዳቸውም ሰውየው የት እንዳደረ አልጠየቁም። ክፍለ ከተማው ወረዳውን አየ፣ ወረዳው እድሩን አየ። በክረምት ከላይኛው ተራ የሚነሣ ጎርፍ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ የተሠራው ሱቅ ውስጥ ነው የሚገባው። ጥፋትም መንገዱን አይስትም።

ወረዳው አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ «ምስጢር የመጠበቅ ኃላፊነታችን» በሚል ርእስ አወያየን። አወያዩ ያው ሰማያዊ ካፖርት ነው። ሦስት ጊዜ እጄን አወጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከኋላዬ ላለ ሰው ዕድል ሰጠ። አራተኛውን ጊዜ ሳይፈቀድልኝ ተነሥቼ «ደብዳቤውን ለሽማግሌው ያቀበለው ማነው?» አልኩ። ማይክሮፎኑ አልነበረኝም፤ ከፊት የተቀመጡት ብቻ ሰሙ፤ የሰሙትም ጫማቸውን አዩ። ከእነሱ መካከል በሰልስቱ ከጎኔ የቆሙ አሉ።

ከሳምንት በኋላ የእድሩ ኮሚቴ በዳኛው መጋዘን ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች አንሶላ ጥቅል ላይ ተቀምጠናል። ወረዳው ከእድሩ ቃለ ጉባኤ ይፈልጋል። እኔ ያየሁትን ጻፍኩ፤ ጡሩምባ ነፊው ደብዳቤውን ከወረዳው ኃላፊ እጅ ተቀብለው አነበቡ ብዬ። ዳኛው «ከኃላፊው እጅ» የሚለውን አውጣው አለ። አላወጣም አልኩ። እስከ ምሳ ተከራከርን። ሌሎቹ ሦስቱ ሱቃቸው ናፍቋቸዋል። በመጨረሻ ማንንም የማይነካ ዐረፍተ ነገር ፈለግንና አገኘን፤ «ደብዳቤው በድንኳኑ ውስጥ በስህተት ተነቧል።» ማን እንዳቀበለው የለም፤ ማን እንዳነበበው የለም፤ ደብዳቤው በራሱ ጊዜ ተነበበ። ሌላ ሰው ጽፎት ባየው ኖሮ ሙሉ ዓምድ አውዬ እሳለቅበት ነበር። እኔው ጻፍኩት፤ ቢያንስ ሽማግሌውን አይጎዳም ብዬ።

አባቴ ፊርማ አየር ይፈልጋል ይል ነበር። ስለዚህ ስፈርም ሁልጊዜ ከጽሑፉ በታች ሁለት መስመር እዘላለሁ። የዚያን ቀንም ሁለት መስመር ዘልዬ ፈረምኩና መዝገቡን ለዳኛው ትቼ ወጣሁ። ዕድሜ ልኬን ወረቀት የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ባዶ መስመር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ሽማግሌው ወደ ሱቄ የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ቀን አድረው በዋስ ወጥተዋል፤ የመንግሥት ምስጢር በማውጣት ሊከሰሱ ነው። ጡሩምባቸውን እድሩ ተቀብሏቸዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የነፏት ናት፤ አሁን ሞት የሚነገረን በቴሌግራም ነው። በር ላይ ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። ወንበር ሰጠኋቸው፤ እምቢ አሉ።

«አንተም ፈርመሃል አሉኝ።»

ምን እንደጻፍን፣ ለምን እንደጻፍን ማስረዳት ጀመርኩ። ከደረት ኪሳቸው አንድ ፎቶ ኮፒ አውጥተው ደብተሮቼ ላይ ዘረጉት። ከዐረፍተ ነገሬ በታች፣ ከፊርማዬ በላይ፣ በእነዚያ ሁለት መስመሮች ላይ በሌላ ሰው እጅ እንዲህ ተጽፏል፤ ጥፋቱ የጡሩምባ ነፊው ብቻ መሆኑን፣ ደብዳቤውን ያቀበላቸውን ሰው ያየ የኮሚቴ አባል አለመኖሩን በሙሉ ድምፅ አረጋግጠናል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ አይደለም። ቀለሙም የተለየ ነበር፤ ግን በፎቶ ኮፒ ሁሉም ቀለም ጥቁር ነው።

«ይህን እኔ አልጻፍኩም፣ ጋሼ» አልኩ። «ከፈረምኩ በኋላ ነው የገባው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጥቁሩ ክር አሁንም አለ።

«ልጄ፣ እኔ የተማርኩት ማንበብ ብቻ ነው» አሉ። «የሰጡኝን አነባለሁ። የሰጡኝ ወረቀት ላይ ያንተ ፊርማ አለ።»

ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ። የተራው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ይሠራ ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ደህና ዋሉ» አላላቸውም። ምስጢር ጠባቂው መርካቶ ይህንንም ጠበቀው። ሰፈሬን ያወደስኩበት መክፈቻ እዚህ ቦታ ላይ ያሳፍረኛል፤ ያው ዝምታ ነው፤ አንዱን ሰው አሥራ አንድ ዓመት ያዳነ ዝምታ ሌላውን በሁለት ሳምንት ሸጠው።

ወደ ዳኛው ሄድኩ። አንሶላ እያጠፈ ነበር፤ ማጠፉን አላቆመም። አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

«ጸሐፊው» አለ፤ ሲቀልድብኝ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። «ያንተ ሱቅ በስምህ ነው። የእኔ የወረዳው ኪራይ ነው። ውሉን የሚያድስ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ሽማግሌውን በዚህ ዕድሜ ምን ያደርጓቸዋል? ይመክሯቸውና ይለቋቸዋል።»

«ካልለቀቋቸውስ?»

«ስንቃቸውን እድሩ ይችላል» አለ። የምሬን እላለሁ፣ በደግነት ነው ያለው። ትከሻውን አየሁት። እናቴን የተሸከመው ያኛው ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ያየሁትን ተናገርኩ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ አዳመጠኝና የገዛ ፊርማዬን ገልብጦ አሳየኝ። «የትኛውን ልመን? የፈረሙትን ወይስ የሚናገሩትን?» አለ። የሚገባ ጥያቄ ነው። ኮሚቴውን ለምኛለሁ፤ ሦስቱ አባላት ነገሩ አልፏል ይላሉ። ኃላፊው ወደ ተሻለ ቦታ ተዛውሯል። የጎረቤቴ ሱቅ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ከእሱ ዘንድ ወሬ የለም። የሽማግሌው ቀጠሮ ደርሷል።

የቀረ ማስረጃ አንድ ነው። በየስልኩ የሚዞረው ክሊፕ «ጥብቅ ምስጢር» ከሚለው ቃል ነው የሚጀምረው፤ በሽማግሌው አፍ። ከዚያ በፊት ያለው ተቆርጧል። እዚያ ውስጥ ሰማያዊ እጅጌ አለ፣ ከኪስ የሚወጣ ወረቀት አለ፣ «ጋሼ፣ ይቺንም ይጨምሩልን» የሚል ድምፅ አለ፤ አጠገቡ እጁን ያልዘረጋ ጸሐፊም አለ። ያንን የቆረጠው አንድ ሰው ነው። የቀረጸው ግን ብዙ ነው፤ ስልክ ሲወጣ በዐይኔ አይቻለሁ። ከፊት አግዳሚ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ ከድንኳኑ በር፣ ከፎቁ ደረጃ ላይ ሳይቀር።

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ፣ ወይም አንቺ፣ በዚያ ሰልስት ከነበራችሁ፣ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። ፍርሃታችሁን አልነቅፍም፤ እኔም በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ዝም ብዬ ነበር። የትም አትለጥፉት፤ የዚያን ሰው ስም ሁለተኛ ማንም መስማት የለበትም። የሽማግሌውን ጠበቃ አገናኛችኋለሁ፤ ለእሱ ብቻ ስጡት። ሱቄን ታውቁታላችሁ፤ የምታስነጥሱበት ቦታ ነው። ሰበብ ይዛችሁ አትምጡ። ያልተቆረጠውን ይዛችሁ ኑ። አሁን ስልክህን አውጣና ፈልግ።